ጥሩ ፈረስ፣ ውድ ዋጋ፦ የታላላቅ የፈረስ ውድድሮች ውርርድ እንዴት ይሠራል?

ሰሜን ሸዋ ውስጥ ስለ ፈረስ አስተያየት የሌለው ሰው ማግኘት ይከብዳል። የጥምቀት ጉግስ እያየ ያደገ፣ ከአባቱ ጋር ከብት ገበያ የዋለ፣ ደብረ ብርሃን ውስጥ በጋሪ የተመላለሰ ሁሉ ፈረስ ሲያልፍ ዞሮ ያያል። ደረቱን ያያል፣ ሰኮናውን ያያል፣ አረጋገጡን ይመዝናል። አፄ ምኒልክ የተወለዱት እዚሁ አንጎለላ ነው። የፈረስ ስማቸው አባ ዳኘው እስከ ዛሬ ይጠራል።

እንዲህ ባለ አገር ያደገ ወጣት የአሜሪካውን የኬንታኪ ደርቢ ወይም የእንግሊዙን የግራንድ ናሽናል የፈረስ ውድድር ቪዲዮ አይቶ «ይሄንንማ እኔ አውቀዋለሁ» ቢል አይገርመኝም። በዚያ ላይ የውርርድ መተግበሪያው ስልኩ ውስጥ ነው። ይህን የምጽፈው ለእሱ ነው። ተወራረድ ለማለት አይደለም። ብሩን የሚያስይዝ ሰው ምን እየገዛ እንደሆነ አውቆ ይግዛ ብዬ ነው። ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር አስቀምጣለሁ። የአገራችንን አዋጅ ስጠቅስ ብቻ በእኛ ይሆናል።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እንለይ። መሐል ሜዳ ገበያ በግ የሚገዛ ሰው ሁለት ነገር ያውቃል። አንደኛው የትኛው በግ እንደሚሻል ነው። ሁለተኛው ያ በግ ለተጠራበት ዋጋ ይገባዋል ወይ የሚለው ነው። ምርጡን ሙክት ከሚያወጣው በላይ ከፍሎ የገዛ ሰው በጉን አውቆታል፣ ገበያው ግን አምልጦታል። የፈረስ ውርርድ ስልት ሁሉ ያለው ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ነው። «ማን ያሸንፋል?» የሚለውን ሁሉም ይጠይቃል፣ መልሱም አስቀድሞ ዋጋው ውስጥ ገብቷል።

ዋጋው ኦድ ነው። ኦዱ 5 ከሆነ፣ 100 ብር የመደበ ሰው ፈረሱ ሲያሸንፍ 500 ብር ይቀበላል። 400 ትርፍ፣ 100 የራሱ። እንግሊዞች ትርፉን ብቻ ስለሚቆጥሩ ይህንኑ «4 ለ1» ብለው ይጽፉታል። አሁን 1ን ለኦዱ አካፍሉት። 1 ለ5 ሲካፈል 20 በመቶ ነው። ዋጋው የሚነግራችሁ «ይህ ፈረስ በእንዲህ ያለ ውድድር ከ5 አንዴ ያሸንፋል» ብሎ ነው። የእናንተ ሥራ የፈረሱ ትክክለኛ ዕድል ከ20 በመቶ በላይ ነው ወይስ በታች የሚለውን መገመት ነው።

ልዩነቱን በብር እንየው። እንዲህ ያለ ውርርድ 100 ጊዜ፣ በየጊዜው በ100 ብር ቢገባ፣ የወጣው 10,000 ብር ነው። የፈረሶቹ እውነተኛ ዕድል 25 በመቶ ከነበረ 12,500 ብር ይመለሳል። 15 በመቶ ከነበረ የሚመለሰው 7,500 ብቻ ነው። በሁለቱም ጊዜ ፈረሱ አብዛኛውን ውድድር ይሸነፋል። ለዚህ ነው የአንድ ቀን ውጤት የስልትን ጥሩነት የማያሳየው። የበላ ሰው መጥፎ ውርርድ ገብቶ ሊሆን ይችላል፣ የተበላ ሰውም ጥሩ።

ቀጥሎ የቤቱ፣ ማለትም የአወራራጁ ድርጅት፣ ድርሻ ይመጣል። አምስት ፈረሶች በሚሮጡበት ውድድር ኦዶቹ 2.5፣ 4፣ 5፣ 8 እና 10 ናቸው እንበል። እያንዳንዱን ወደ መቶኛ ስንቀይር 40፣ 25፣ 20፣ 12.5 እና 10 ይሆናል። ደምሩት፤ 107.5 ነው። ከአምስቱ የሚያሸንፈው አንድ ብቻ ስለሆነ ትክክለኛው ድምር 100 መሆን ነበረበት። የተረፈው 7.5 የቤቱ ነው። አምስቱንም ፈረስ በየዕድላቸው መጠን የገዛ ሰው ከ100 ብር 7 ብር ያህል አጥቶ ይወጣል፣ ማንም ያሸንፍ ማን። የፈረሱ ብዛት ሲጨምር ይህ ትርፍ አብዛኛውን ጊዜ ያድጋል። ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ይህን ድምር መሥራት የሁለት ደቂቃ ጉዳይ ነው። እኔ ከሁሉም ስልት አስቀድሜ የማስተምረው ይህን ነው።

አሜሪካና ፈረንሳይ ውስጥ ዋናው አሠራር ሌላ ነው። እዚያ ዋጋውን የሚያወጣ ነጋዴ የለም። ሁሉም ገንዘቡን ወደ አንድ የጋራ ካዝና ያስገባል፣ አዘጋጁ ድርሻውን ይቆርጣል፣ የቀረውን አሸናፊዎቹ ይከፋፈሉታል። ይህን ዘዴ ጆሴፍ ኦለር የተባለ ሰው በ1860ዎቹ ፓሪስ ውስጥ ጀመረው። ካዝናው 100,000 ዶላር ቢሰበስብና ለምሳሌ 17 በመቶ ቢቆረጥ፣ 83,000 ይቀራል። ባሸነፈው ፈረስ ላይ 20,000 ዶላር ተመድቦ ከነበረ ለእያንዳንዱ ዶላር 4.15 ይከፈላል። 1,000 ብቻ ከነበረ 83 ይከፈላል። ስለዚህ በዚህ አሠራር ተፎካካሪያችሁ ቤቱ አይደለም፣ ሌላው ተወራራጅ ነው። ከእሱ የተሻለ መገመት አለባችሁ፣ ደግሞም የተቆረጠውን 17 በመቶ የሚሸፍን ያህል የተሻለ። ይህ ከባድ ነው።

በሁለቱ አሠራሮች መካከል ያለው ልዩነት ምን ያህል እንደሚሰፋ የ1967ቱ ግራንድ ናሽናል ያሳያል። በ23ኛው መሰናክል ላይ ፈረሶቹ ተደራርበው ወደቁ፣ ቆሙ፣ ወደኋላ ተመለሱ። ከኋላ ርቆ የነበረው ፎይናቨን ክፍተት አግኝቶ ዘለለና አሸነፈ። የአወራራጆቹ ዋጋ 100 ለ1 ነበር። የጋራው ካዝና ግን 444 ለ1 ከፈለ። በዚያ ፈረስ ላይ ገንዘብ ያስገባ ሰው እጅግ ጥቂት ነበርና። መሰናክሉ ዛሬም በፈረሱ ስም ይጠራል።

ታላላቆቹ ውድድሮች ከተራው የሚለዩት በዝናቸው ብቻ አይደለም። የተወራራጁ ዓይነትም ይለያል። ዓመቱን ሙሉ ፈረስ አይቶ የማያውቅ ሰው በደርቢ ቀን ይወራረዳል። በስሙ ይመርጣል፣ በጋላቢው ልብስ ቀለም ይመርጣል፣ ቴሌቪዥን በተናገረለት ይመርጣል። ይህ ገንዘብ ዋጋውን ያጣምመዋል። ዝነኛው ፈረስ ከሚገባው በላይ ይወደዳል፣ ዝና የሌለው ጎበዝ ፈረስ ደግሞ ይረክሳል። አዋቂ ተወራራጆች ታላላቅ ውድድሮችን የሚጠብቁት ለዚህ ነው።

ሌላ ለብዙ አሥርት ዓመታት የተጠና ዝንባሌ አለ። ሰው ትልቅ ኦድ ይወዳል። በ10 ብር 1,000 ብር የመብላት ተስፋ ደስ ይላል። ስለዚህ እንደ 100 ለ1 ባሉ ዋጋዎች ላይ ከሚገባው በላይ ገንዘብ ይፈሳል። በብዙ አገሮች መረጃ እንደታየው፣ በሩቅ ፈረሶች (ትልቅ ኦድ ባላቸው) ላይ በጭፍን የመደበ ሰው በተጠባቂዎቹ (ትንሽ ኦድ ባላቸው) ላይ ከመደበው ይልቅ በብር መጠን የበለጠ ያጣል። ተጠባቂው ፈረስ እንግሊዝና አሜሪካ ውስጥ በአማካይ ከሦስት ውድድር አንዱን ገደማ ያሸንፋል። ያም ቢሆን ሁልጊዜ ተጠባቂውን መግዛት አያተርፍም። ኪሳራውን ብቻ ይቀንሳል።

የኬንታኪ ደርቢ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ከ1875 ጀምሮ ሉዊቪል ከተማ ውስጥ ይካሄዳል። 2,000 ሜትር ገደማ ነው፣ የሚሮጡት የሦስት ዓመት ፈረሶች ብቻ ናቸው፣ ቁጥራቸው እስከ 20 ይደርሳል። ከ2013 እስከ 2018 ባሉት ስድስት ተከታታይ ዓመታት ተጠባቂው አሸነፈ። ያኔ ብዙ ሰው «ደርቢ ላይ ተጠባቂውን ያዝ» የሚል ሕግ አወጣ። ከ2019 እስከ 2025 ግን አንድም ተጠባቂ አላሸነፈም። ስድስት ዓመት ሕግ ለማውጣት እንደማይበቃ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

የ2022ቱን ደርቢ ቆም ብለን እንየው፣ ትምህርቱ ብዙ ነው። ሪች ስትራይክ የተባለው ፈረስ መጀመሪያ በተወዳዳሪዎቹ ዝርዝር ውስጥ ቦታ አልነበረውም። በዋዜማው ሌላ ፈረስ ሲወጣ ምዝገባው ሊዘጋ ደቂቃዎች ሲቀሩት ገባ። ከሁሉም ውጭ ካለው መነሻ በር ተነሣ። በኦዱ የሜዳው መጨረሻ ነበር፣ 80 ለ1። አሸነፈ። በ2 ዶላር 163.60 ዶላር ከፈለ። ከእሱ የበለጠ ዋጋ ይዞ ያሸነፈው የ1913ቱ ዶነሬይል ብቻ ነው፣ 91 ለ1።

ዕድል ብቻ ነበር? አልነበረም። መሪዎቹ ፈረሶች የመጀመሪያውን 400 ሜትር በ21.78 ሴኮንድ ሮጡ። በደርቢ ታሪክ ከዚያ የፈጠነ አጀማመር አልተመዘገበም። ጉግስ የሚያውቅ ሰው ይህን ሳይነገረው ይረዳዋል፤ ከመነሻው ሽምጥ የተለቀቀ ፈረስ መጨረሻ ላይ ትንፋሽ አይኖረውም። ፊት የነበሩት ደከሙ፣ ከኋላ ጉልበቱን ቆጥቦ የመጣው አለፋቸው። ስለዚህ ባለሙያዎች ከፈረሱ ፍጥነት በፊት የውድድሩን አካሄድ ይገምታሉ። ፊት ለመምራት የሚሽቀዳደሙ ስንት ፈረሶች አሉ? አንድ ብቻ ከሆነ ያ ፈረስ እንደፈለገ ይመራል። አምስት ከሆኑ እርስ በርስ ይገዳደላሉ። ይህ ከስም ዝርዝርና ከኦድ ሠንጠረዥ አይነበብም፤ የቀደሙ ውድድሮችን ቁጭ ብሎ ማየት ይጠይቃል።

ግራንድ ናሽናልና የአውስትራሊያው ሜልበርን ካፕ ሌላ መልክ አላቸው፤ በክብደት የሚመጣጠኑ ውድድሮች ናቸው። ጎበዙ ፈረስ ተጨማሪ ሸክም ይጫንበታል፣ ደካማው ይቀለለታል። አንድ ባለሙያ ቁጭ ብሎ፣ ቢቻል ሁሉም እኩል እንዲገቡ አድርጎ ክብደቱን ይደለድላል። በ1973 ሊቨርፑል አጠገብ ባለው ኤንትሪ ሜዳ ክሪስፕ የተባለው ፈረስ ከተፎካካሪው ፈረስ ከሬድ ረም 10 ኪሎ ገደማ የበለጠ ክብደት ተሸክሞ ሩጫውን ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ መራ። መጨረሻው መስመር አጠገብ ሬድ ረም ደረሰበትና ክሪስፕ በአንድ ፈረስ ርዝመት በማይሞላ ርቀት ተሸነፈ። «የተሻለው ፈረስ የቱ ነበር?» ካላችሁ ብዙዎች ክሪስፕ ይላሉ። ውርርዱን የበላው ግን ሬድ ረምን የያዘ ነው። ስለዚህ በእነዚህ ውድድሮች መታየት ያለበት ፈረሱ ክብደቱ ከተመደበለት በኋላ ተሻሽሏል ወይ የሚለው ነው።

ግራንድ ናሽናል ወደ 7 ኪሎ ሜትር ነው፣ 30 መሰናክል አለው። የተወዳዳሪዎቹ ቁጥር ከ2024 ጀምሮ ከ40 ወደ 34 ወርዷል። ሜልበርን ካፕ 3,200 ሜትር ሲሆን እስከ 24 ፈረሶች ይሮጡበታል። በ2015 እዚያ ያሸነፈው ፕሪንስ ኦቭ ፔንዛንስ ዋጋው 100 ለ1 ነበር፤ የጋለበችው ሚሼል ፔይን ውድድሩን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች።

እንዲህ ብዙ ፈረስ ባለበት ውድድር እንግሊዞች ውርርዱን ለሁለት የመክፈል ልማድ አላቸው፤ ግማሹ ለማሸነፍ፣ ግማሹ ከፊተኞቹ ለመግባት። 16 እና ከዚያ በላይ ፈረሶች ባሉበት በክብደት የሚመጣጠን ውድድር ብዙውን ጊዜ አራት ቦታ ይቆጠራል፣ የሚከፈለውም የኦዱ ሩብ ነው። 25 ለ1 በሆነ ፈረስ ላይ 100 ብር ቢመደብና ፈረሱ ሦስተኛ ቢገባ፣ ለማሸነፍ የተያዘው 50 ብር ይበላል። ሌላው 50 ብር ግን በ6.25 ተባዝቶ 312.50 ትርፍ ያመጣል፣ ራሱም ይመለሳል። በጠቅላላ 362.50 ብር ማለት ነው። መካከለኛ ኦድ ላላቸውና ዘላቂ ለሆኑ ፈረሶች ይህ ከሁሉም የሚሻል ውርርድ ይመስለኛል።

አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛን በቅደም ተከተል መገመት ግን ሌላ ዓለም ነው። 20 ፈረሶች ባሉበት ደርቢ 6,840 አማራጭ አለ። አራተኛውንም ከጨመራችሁ 116,280 ይሆናል። አዘጋጁ የሚቆርጠውም በእነዚህ ላይ ከፍ ይላል። ጋዜጣ ላይ የሚወጣው ትልቁ ክፍያ ከዚህ የሚመጣ ነው፣ ያልወጣው የተበላው ሕዝብ ነው።

ፈረሱን ከመረጡ በኋላ «ስንት ልመድብ?» የሚለው ይቀራል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ልጆች የሚጎዱት። በየሰፈሩ የሚነገረው ስልት «ከተበላህ እጥፍ አድርግ» የሚል ነው። በ10 ብር ጀምሮ ሰባት ጊዜ በተከታታይ የተበላ ሰው 1,270 ብር አውጥቷል። ስምንተኛው 1,280 ብር ይጠይቃል። ኦዱ 2 ከሆነ ይህ ሁሉ ቢሳካ የሚያተርፈው 10 ብር ነው። ከሦስት አንዴ የሚያሸንፍ ፈረስ ሰባት ጊዜ በተከታታይ የመሸነፉ ዕድል 6 በመቶ ገደማ ነው፤ አዘውትሮ ለሚጫወት ሰው መምጣቱ አይቀርም። እጥፍ ማድረግ የቤቱን ድርሻ አይቀንስም። የገንዘባችሁን መሞቻ ቀን ብቻ ያዘገየዋል፣ ሲመጣ ደግሞ በአንድ ጊዜ ያመጣዋል።

ሳይንስ ያለው መልስ በ1956 የመጣው ጆን ኬሊ ከሚባል የአሜሪካ የስልክ ኩባንያ ተመራማሪ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። የገመታችሁትን ዕድል በኦዱ አባዙ፣ 1 ቀንሱ፣ ለኦዱ ሲቀነስ 1 አካፍሉ። ኦዱ 6 ቢሆንና ዕድሉን 20 በመቶ ብትገምቱ፣ 0.20 በ6 ሲባዛ 1.2 ነው። 1 ሲቀነስ 0.2፣ ለ5 ሲካፈል 4 በመቶ። ለውርርድ ብላችሁ የለያችሁት 1,000 ብር ከሆነ 40 ብር መደቡ ማለት ነው። ዕድሉ 15 በመቶ ከሆነ ውጤቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ትርጉሙ አትግቡ ነው። የዚህ ስሌት ትልቁ ጥቅም ለእኔ ይህ «አትግቡ» የሚለው መልሱ ነው። ግምታችን ብዙ ጊዜ ስለሚሳሳት ባለሙያዎቹ እንኳ ከወጣው ግማሹን ይመድባሉ።

በዚህ መንገድ ሀብታም የሆነ ሰው አለ። ቢል ቤንተር በ1980ዎቹ ወደ ሆንግ ኮንግ ሄዶ በኮምፒውተር ሞዴል ፈረስ መገመት ጀመረ። ሞዴሉ ከመቶ የሚበልጡ ነገሮችን ይመዝን ነበር፤ የፈረሱን ዕረፍት፣ ክብደት፣ ጋላቢ፣ የመነሻ በር። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ኪሳራ ነበሩ። በ1994 ባሳተመው ጥናት ትልቁን ምሥጢር ራሱ ገልጾታል፤ ሞዴሉ ብቻውን በቂ አልነበረም፣ የሕዝቡን ኦድ ከራሱ ግምት ጋር ሲያዋህድ ነው የተሳካለት። እንዲህ ያለ ታላቅ የፈረስ ተወራራጅ «ገበያው ከእኔ የሚበልጥ ነገር ያውቃል» ብሎ ነው የተሳካለት። ቴሌግራም ላይ «የተረጋገጠ ፈረስ» የሚሸጡት ግን ይህን ትሕትና አያውቁትም።

የእነሱን አሠራር ልግለጸው፣ ብዙ ሰው ስለሚታለል። 1,600 ተከታይ ያለው ሰው ስምንት ፈረሶች ላሉበት ውድድር ተከታዮቹን በ200፣ በ200 ከፍሎ ለእያንዳንዱ ቡድን የተለያየ ፈረስ በውስጥ መስመር ይልካል። ከውድድሩ በኋላ 200 ሰዎች ልክ የሆነ ግምት ደርሷቸዋል። እነሱን ደግሞ በ25፣ በ25 ይከፍላል። ሁለተኛው ውድድር ሲያልቅ በተከታታይ ሁለት ጊዜ ልክ የሆነ «ነቢይ» ያዩ 25 ሰዎች ይኖራሉ። ሦስተኛውን በገንዘብ የሚገዙት እነሱ ናቸው።

በቤቲንግ ቤቶች ስክሪን ላይ የሚሮጡት የኮምፒውተር ፈረሶችስ? እዚህ ላይ ከላይ ያልኩት አንዱም አይሠራም። ሜዳ የለም፣ ጋላቢ የለም፣ የሚደክም ትንፋሽ የለም። ውጤቱን የሚያወጣው በዘፈቀደ ቁጥር የሚያወጣ ፕሮግራም ነው፣ ኦዱም የቤቱን ድርሻ አስቀድሞ ይዞ ነው የሚወጣው። «4 ቁጥር ከጠዋት ጀምሮ አልገባም፣ ተራው ደርሷል» ማለት ስህተት ነው፤ ፕሮግራሙ ያለፈውን አያስታውስም። ፍጥነቱ ደግሞ ያስፈራኛል። ለስሌት ያህል የቤቱ ድርሻ 10 በመቶ ነው እንበል። በሰዓት 20 ውድድር በ20 ብር የገባ ልጅ 400 ብር አዙሯል፣ በአማካይ 40 ብር ይጎድልበታል። ደርቢ በዓመት አንድ ጊዜ ነው። ይህ ግን ቀኑን ሙሉ ነው። እዚያ ቁጭ ብሎ የሚውል ታናሽ ወንድም ያለው ሰው ይህን ሒሳብ በወረቀት ቢያሳየው ደስ ይለኛል።

ግብርም አለ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 በዕድል ጨዋታ በተገኘ ገንዘብ ላይ 15 በመቶ ጥሎ ነበር፣ ከ1,000 ብር በታች ያለውን ትቶ። ግብሩ የሚሰላው ከበላችሁት ላይ ነው፤ የተበላችሁት አይቀነስም። በወር 5,000 ብር መድባችሁ አንዴ 4,000 ብትበሉ በዚያ መጣኔ 600 ብር ይቆረጣል። ኪሳራችሁ 1,000 ሳይሆን 1,600 ይሆናል። በባዶ ሒሳብ በጥቂቱ የሚያተርፍ የሚመስል ስልት ሁሉ እዚህ ላይ ይወድቃል።

ጉዳዩን በእውነት መማር የሚፈልግ ሰው ያለ ብር ይጀምር። ደርቢ ሚያዝያ መጨረሻ ነው፣ በእኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ። ሜልበርን ካፕ ጥቅምት መጨረሻ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት። ግራንድ ናሽናል መጋቢት መጨረሻ ወይም ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ቅዳሜ። ኦዱን ከማየታችሁ በፊት የየፈረሱን ዕድል በመቶኛ በደብተር ጻፉ፣ ድምሩ 100 ይሁን። ከዚያ ኦዱን አጠገቡ ጻፉ። በእነዚህ መሐል በየሳምንቱ ያሉትን ተራ ውድድሮችም ጨምሩ፣ ምክንያቱም ጥቂት ውድድር ምንም አይናገርም። 10 በመቶ ዕድል ያላቸውን ፈረሶች 100 ጊዜ የያዘ ሰው በአማካይ 10 ጊዜ ያሸንፋል፣ ነገር ግን በዕድል ብቻ ከ4 እስከ 16 ጊዜ ቢያሸንፍ የተለመደ ነው። 16 ጊዜ ያሸነፈ ሰው ችሎታ ይኑረው አይኑረው ለመለየት ሌላ ብዙ መቶ ውድድር በደብተሩ ላይ መጻፍ አለበት።